ተኝተዋል የተባሉት ጥዶች

ኅዳር 3

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ፣ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፤ ይሄ ደህና ከተባለ። ቶሎ መልስ ባለመጻፌ አትቀየመኝ። ደብዳቤዬ የሚሄደው ከናሙና ሳጥኑ ጋር ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ የሚሄደው የደን ጣቢያችሁ መኪና ሲመጣ ነው። ስልክ እናንተ ጫካ ድረስ አለመድረሱ የእኔ ጥፋት አይደለም።

«ተኝቷል ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው፣ ዛፍም እንደ ጥበቃ ሠራተኛ ያንቀላፋል ወይ?» ብለሃል። ሳቄ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጥድ ውስጥ ጥንዚዛ ሲቦረቡረው ወይም ሻጋታ ሲገባበት ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያዙ ጂኖች አሉ። ሙጫ አፍልቅ፣ ቅርፊትህን አጠንክር፣ መርዝ ቀምም ይሉታል። ጂኖቹ በሁሉም ዛፍ ውስጥ አሉ፤ ልዩነቱ መቼ ሥራ ይጀምራሉ የሚለው ላይ ነው። አንተ የምትልክልኝን የቅርፊት ቁራጭ እፈጭና የትኞቹ ሥራ ላይ እንደሆኑ፣ የትኞቹ ዝም እንዳሉ እለካለሁ። ከላይኛው የጥድ ተራ የመጡት በሙሉ ሥራ ላይ ናቸው። ከታችኛው ተራ የመጡት ጭጭ ብለዋል። አለቃዬ ይህንን አይቶ ነው የላይኛው ነቅቷል፣ የታችኛው ተኝቷል ያለው።

አለቃዬን ብታየው! ውጤቱን ሳሳየው ጣቱን በምራቁ እያራሰ ወረቀቴን አንድ በአንድ ገለጠና በዚያው ጣት ጉንጬን ቆነጠጠኝ። ፊቴን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ አሁንም የረጠበ ይመስለኛል። እሱ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ሽቶው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

አሁን ምክረ ሐሳብ እየጻፈ ነው። የታችኛው ተራ ተቆርጦ ከላይኛው ዘር በፈላ ችግኝ ይተካ የሚል። የታችኛውን አባባ በእጁ እንደተከለው አልነገርኩትም፤ ለእሱ ምኑ ነው? ጥንዚዛው ከሚጨርሰው እኛ ብንቀድም ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ አደርግሻለሁ ብሎኛል። በየስድስት ወሩ ውል አድሱልኝ እያሉ ደጅ መጥናት እንዴት እንደሚያንገሸግሽ አንተ ታውቀዋለህ።

እማዬን ሳምልኝ።

እህትህ


ኅዳር 21

ለነቀዝ፣

ለእንጨትም ለሰውም የማትመለሺው፣ ያገኘሽውን ሁሉ ቦርቡረሽ የምታዪው እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ጠዋት ጠዋት እየታሸች ከአልጋ እስከ በር የነበረውን መንገዷን እስከ አጥሩ አድርሳዋለች። እዚያ ወንበር አውጥቼላት የታችኛውን ተራ እያየች ትውላለች። ደብዳቤሽን ሳነብላት «ቋሚ» የሚለው ጋ ስደርስ «እስኪ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። «ሦስተኛ ጊዜ ብታነበው ምን አለበት?» አለችኝ ደግሞ። እኔ ቋሚ ሆኜ የጣቢያው ሠራተኞች አለቃ እስክባል በቀን ሠራተኝነት ስንት ዘመን እንደተንከራተትኩ ታውቂያለሽ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ጸጉሩ ሳይሸብት ደረቱን ነፍቶ «ቋሚ ነኝ» ይበልልን።

አለቃሽ እዚህ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ነበር። እዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሽቶው ብለው ስም አውጥተውለታል። ጫማው እንዳይቆሽሽ እንደ ዶሮ እየመረጠ ሲረግጥ አየሁት። ከተራዎቹ በታች ካለው ጫካ አንዱን የታመመ ዛፍ ቅርፊቱን ልጬ አሳየሁት። ከሥሩ የጥንዚዛው እጭ እንደ ተቀቀለ ሩዝ ተደራርቦ ይርመሰመሳል፤ እኔ እንኳ ስንት ዓመት አይቼው እስከ ዛሬ ጥርሴን ያፋጨኛል። አንዱ ተስፈንጥሮ ኮሌታው ውስጥ ገባለት። ጩኸቱን ብትሰሚ! መሀረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ መኪናው ውስጥ ገባ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «በሽታውን በሳይንስ እናሸንፈዋለን» ሲል ለልጆቹ ንግግር አደረገ። አንዱ ሊያጨበጭብ ብሎ ሳቁ አመለጠው።

የታችኛው ይቆረጥ ማለታችሁን በተመለከተ፣ አልዋሽሽም፣ ሆዴ አልወደደውም። ከእነዚያ ዛፎች ሥር ነው ያደግነው። ግን አንቺ ለክተሽ ተኝቷል ካልሽ ተኝቷል። ወንድምሽ ከመሣሪያ ጋር አይከራከርም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 8

ለነቀዝ፣

ሁለት መስመር ጽፈሽ ሳጥን ውስጥ ወርውረሽ ላክሽብኝ። ሰላምታ የለ፣ የእማዬ ስም የለ። ፖሊስ እንኳ ሲይዝ ደህና ዋልክ ይላል።

ለጥያቄሽ፣ አዎ፣ ሚስማር ነው። የላክሽልኝን ባለቁጥር ቆርቆሮዎች በላይኛው ተራ ላይ በሚስማር መታኋቸው። ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ አውራ ጣቴንም አንዴ መታሁት። የታችኛው ጋ ስንደርስ ሚስማር አለቀ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ቁልፉን ይዞ ፈቃድ ወጥቷል፣ እኔም የተረፈ ሽቦ ፈልጌ ግንዱ ላይ ዞሬ አሰርኩት። ያው ቁጥር ቁጥር ነው ብዬ። በማግስቱ ቅርፊቱን ቆረጥኩ። ከየት በኩል ላልሽው፣ የአንዱ ከሌላው እንዳይምታታ ብዬ ከቆርቆሮው ሥር ሥሩን ነው።

ምነው? ሚስማሩ ዝጎ ነበር እንዴ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለጋሼ፣

ባለፈው ሰላምታህን ስለበላሁብህ የዛሬውን እጥፍ አድርገህ ቁጠረው። ለእማዬም እንደዚያው።

ጋሼ፣ ዛፍ ሚስማርን ከጥንዚዛ የሚለይበት ዓይን የለውም። ተወጋ ማለት ተወጋ ነው። ሚስማሩ ሲገባበት የመከላከያ ጂኖቹ በሙሉ ተነሡ፣ አንተ በማግስቱ ከዚያው ሥር ቆረጥክ፣ እኔ ፈጭቼ «እዩት፣ እንዴት ነቅቷል!» አልኩ። የታችኛው በሽቦ ብቻ ስለታሰረ የነካው አልነበረምና ዝም አለ። ይኼን ሁሉ ጊዜ የለካሁት መዶሻህን ነው። የትኛው ተራ ጠንካራ እንደሆነ እስካሁን አናውቅም። ባንተ አልፈርድም፤ በምን ይታሰር የሚለውን ከእኛ ወገን ማንም አልነገረህም።

የሚያስጠላው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ለአለቃዬ ልነግረው ገባሁ። ኦቾሎኒ እየበላ ነበር፤ ገለባው ጠረጴዛው ላይ፣ ሱሪው ላይ፣ የእኔ ውጤት ላይ ተበትኗል። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ምን ብሎ ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው? «ይሄን ሌላ ማን ያውቃል?» እውነት ነው ወይ አላለኝም። እስኪ ድገሚና አረጋግጪ አላለኝም። ሌላ ማን ያውቃል! ማንም አልኩት። ጥርሱ መሀል የተሰነቀረውን በጥፍሩ እያወጣ «እንግዲያው የአንቺ ቋሚነት ለቦርድ የሚቀርበው በዚህ ሥራ ነው፣ ረጋ በዪ» አለኝ። ያወጣውን አየት አድርጎ መልሶ በላው።

ከቢሮው ሮጬ ወጣሁ። የፈራሁ እንዳይመስልህ። አስጸይፎኝ ነው። ይባስ ብሎ የሚያስጸይፈኝ «ቋሚ» ሲል ልቤ ትንሽ ዘለል ማለቷ ነው።

ልኬቱን እሱ ባያስደግመው እኔ እደግመዋለሁ። ከሁለቱም ተራ ቁጥር የሌላቸውን ዛፎች ምረጥልኝ። ከከፊሎቹ ሳይነኩ ቅርፊት ቆርጠህ ወዲያው በላክሁልህ ከበረዶ የባሰ በራድ ፈሳሽ ውስጥ ክተተው። ጓንት አጥልቅ፣ ከነካህ ቆዳህን ይልጠዋል። በቀሩት ላይ ጥንዚዛ ይዘህ በወንፊት ጨርቅ እሰርባቸውና በማግስቱ ቁረጥ። አንዴ የቆረጥከውን ዛፍ ደግመህ እንዳትነካው፤ ቢላዋውም ራሱ ይቀሰቅሰዋል።

አደራህን፣ እኔ እስክጽፍልህ ድረስ ከታችኛው ተራ አንድም ዛፍ እንዳይወድቅ። የአለቃዬ ምክረ ሐሳብ ትዕዛዝ ሆኖ ወጥቷል፤ ቆረጣው የሚጀመረው ግን በመጋቢት መጨረሻ ነው ይላል። ጊዜ አለን።

እህትህ


ጥር 12

ለነቀዝ፣

ያልሽው ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ከላይኛውም ከታችኛውም፣ የተነካውም ያልተነካውም። በየጠርሙሱ ላይ በቀለም ጽፌበታለሁ፤ ሚስማር አልተጠቀምኩም፣ ተገላገልሽ?

ጥንዚዛ ልቀሚ ያለሽ ሰው ቢኖር ሥራሽን ትለቂ ነበር። ቀን ሙሉ ከበሰበሰ ቅርፊት ሥር በጣቴ እየፈለፈልኩ ስለቅም ዋልኩ። ሽታው እንደ ኮመጠጠ ጨርቅ ነው፣ ከእጅ አይለቅም። አንዱ በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ሥር ሲሄድ ሸሚዜን ቀድጄ ልጥል ምንም አልቀረኝም። ማታ ራት ቀርቦልኝ እጄን አሸተትኩና ተውኩት።

ጥርሴ ደግሞ አብጧል። ግማሽ ፊቴ ሌላ ሰው መስሏል፣ ልጆቹ ለሁለታችን በተራ ሰላምታ ይሰጡናል። ሐኪሙ ይነቀል ይላል፤ እኔ ደግሞ ይታገሠኝ እላለሁ።

ከባዶው ሳጥን ጋር በላክሽው ብጣሽ ወረቀት እማዬ ለምን ቃሏን አልላከችልኝም ላልሽው፣ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች። አጥሩ ጋ መቀመጥ ትታለች፣ ብርዱ ይሆናል። ከእኔ ጋር ብዙም አታወራም። የእርጅና ነገር ነው።

ስለ ታችኛው ተራ የጠየቅሽኝን በሚቀጥለው እጽፋለሁ፤ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ ጥሩምባውን እያንባረቀብኝ ነው። ይልቅ አንቺ ቦርዱ ምን እንዳለ ንገሪኝ። ከሁሉ በፊት እሱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 30

ይድረስ ለጋሼ፣

በመጀመሪያ ጥርስህን ተነቀል። ይታገሠኝ ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ቀጥሎ የምሥራቹን ስማ። ናሙናህን ፈጭቼ ለካሁ፣ አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ። ከታችኛው ተራ ሳይነኩ የተቆረጡት እንደ በፊቱ ጭጭ ብለዋል። ጥንዚዛ የታሰረባቸው ግን፣ ጋሼ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሙጫው፣ የመርዙ፣ የቅርፊቱ ጂኖች ሁሉ በአንድነት ተነሥተዋል! የላይኛውም ጥንዚዛ ሲያገኘው ተነሥቷል፣ ግን እያዛጋና እየተንጠራራ ነው። የታችኛው አልተኛም ነበር። የሚነካው ስላልነበረ ነው ዝም ያለው። አባባን ነው ያስታወሰኝ፤ ሰው ካልነካው ድምፁ አይሰማም ነበር።

እንግዲህ ዘር የሚለቀመው ከታችኛው ነው። ጣቢያችሁ ብቻ ሳይሆን ጥንዚዛ የገባበት ደን ሁሉ ይህን ዘር ይፈልገዋል። አባባ የተከለውን!

አለቃዬ ውጤቱን ሲያይ ፊቱ ገረጣ። እንዲህ እንደገረጣ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «እኔ ከመጀመሪያውም የላይኛውን ተራ እጠረጥረው ነበር» አለ። ጎኔ ቆሞ፣ ዓይኔን እያየ! ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝንብ የወደቀበትን ሻይ እያወቁ የሚጠጡ ይመስሉ ነበር። ቀጥሎም የታችኛው ተራ ዘር በአስቸኳይ ይሰብሰብልኝ አለ። ይሁን፣ ይውሰደው። ዛፎቹ ከዳኑ ስሙን በላያቸው ቢጽፍም ግድ የለኝም።

ቋሚ ሆኛለሁ። ለእማዬ የፈለገችውን ያህል ደጋግመህ አንብብላት። ከጣቢያችሁ ቦርዱን ያስደሰተ ሪፖርት ደርሶ ነበር ብሎኛል። እሱ ራሱ እንዳላነበበው ያስታውቃል፣ እኔም ምን የሚል እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ አጠገቡ ብዙ መቆም አልወድም።

ግን ለምን አልመለስክልኝም? የታችኛው ተራ እንዴት ነው?

እህትህ


የካቲት 14

ለእህቴ፣

የታችኛው ተራ የለም።

አዙሬ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። መኪናው ዘገየ፣ ደብዳቤሽ ከቆረጣው በኋላ ደረሰኝ ብል ታምኚኝ ነበር። ግን እንደዚያ አይደለም። እንዳትነካ ያልሽኝ ደብዳቤ ሲደርሰኝ አንድም ዛፍ አልወደቀም ነበር። አንብቤ ኪሴ ከተትኩት።

አውቅሻለሁ አልኩ። ከልጅነቷ ጀምሮ ደህናውን ነገር ካልቦረቦረች እንቅልፍ አይወስዳትም፣ አሁን ደግሞ የራሷን ወንበር ልትቦረቡር ነው አልኩ። ሰውየው ቋሚነቷን በእጁ ይዞ ረጋ በዪ እያላት በሚስማር ትከራከረዋለች አልኩ። ዛፉ ከወደቀ የምትከራከሩበት ነገር አይኖርም ብዬ አሰብኩ። ሰው ጨመርኩ፣ መጋዝ ተበደርኩ። ናሙናሽን ዳር ካሉት ስወስድ ከወዲያ በኩል ተጀምሮ ነበር። ያንን ናሙና የላክሁልሽ ልብሽ እንዲያርፍ ብዬ ብቻ ነው፣ የሚያመጣው ነገር አለ ብዬ አልነበረም። በምርመራሽ መሠረት ተቆርጧል የሚለውን ሪፖርት ከቀኑ አስቀድሜ ሰደድኩ፤ ቦርድሽ እንዲደርስልሽ።

እማዬ መጋዙን ሰማች። ዱላዋን ይዛ እስከ አጥሩ መጣች፣ አየችኝ፣ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ አጥሩ ጋ አልተቀመጠችም። ቋሚነትሽን ሳነብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዘር የለም። ጥንዚዛ እንዳይዛመት ቅርንጫፉ ከነፍሬው ይቃጠል ይላል መመሪያችሁ፣ አቃጥለናል። ጥንዚዛው ግን ከታች የሚያግደው ዛፍ ሲያጣ ወደ ላይኛው ወጣ። ቅርፊቱን ስልጥ እንጨቱ በሻጋታ ሰማያዊ ሆኗል። ነቅቷል ያላችሁት ዛፍ ቆሞ እየበሰበሰ ነው። ሽታው ቤት ድረስ ይመጣል፣ መስኮት ዘግተን ነው የምንውለው።

ለአንቺ ብዬ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቀድሜ መቁረጤን እስካሁን ከአንቺ በቀር ማንም ልብ አላለውም። የታችኛውን ጥንዚዛ ጨረሰው፣ ምርጫ ስላልነበረ ተቆረጠ ብለሽ ጻፊልኝ። ጡረታዬ ደርሷል።

ወንድምሽ


መጋቢት 2

ይድረስ ለጋሼ፣

ደብዳቤህን ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ገብቼ ከአባባ ዛፎች የተረፈውን አየሁ። የቀዘቀዙ ጠርሙሶች ናቸው፣ በአንድ እጅ ይያዛሉ። የተፈጨ ቅርፊት አይበቅልም ጋሼ።

አለቃዬ ዘሩ የት ደረሰ ሲለኝ ነገርኩት። አላዘነም፣ አልደነገጠም። ቶሎ ነው ያሰበው። «ጥንዚዛው ጨረሰው ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ቃል በቃል! አንተና እሱ ሳትነጋገሩ አንድ ውሸት ላይ ተገናኛችሁ። እሱ ሲለኝ እንደ ወትሮው አስጠላኝ፣ ለምጄዋለሁ። ያንተን ካነበብኩ በኋላ ግን እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ለአንቺ ብዬ ነው አልክ። መቼ ለመንኩህ? እንዳትነካ ብዬ አደራ አልኩህ፣ አንተ ከእኔ ይልቅ የሚበጀኝን አውቀህ ኪስህ ከተትከው። ዕድሜ ልኬን የቦርቧሪነቴን ነገር እያነሣህ ስትስቅብኝ አብሬህ ስስቅ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ምናልባት ልክ ትሆን ይሆናል አላልክም ማለት ነው። ይህንን ቋሚ ወንበር ስቀመጥበት የሚርመሰመስ ነገር ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ትናንት መልሼላቸዋለሁ።

ሪፖርቱን ጽፌ ለደን መሥሪያ ቤቱ ራሴ በእጄ አስገብቻለሁ። የታችኛው ተራ ጤነኛ እንደነበረ፣ ከሁሉ የተሻለው እሱ እንደነበረ፣ ጥንዚዛ እንዳልጨረሰው ጽፌያለሁ። ካልጻፍኩ ነገ በሌላ ጫካ ዝም ያለ ጥድ ሁሉ ተኝቷል እየተባለ ይወድቃል። ሚስማሩን ጽፌያለሁ። አለቃዬ እያወቀ ዝም በዪ እንዳለኝ ጽፌያለሁ። እንዳይቆረጥ አስቀድሜ ለጣቢያው ማሳወቄንም ጽፌያለሁ።

አንድ ክፍት ቦታ ቀርቶኝ ነበር፤ «ቆረጣውን ከትዕዛዙ ቀን አስቀድሞ ያስፈጸመው» ከሚለው ፊት ለፊት። እዚያ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የአባባን ቀብር ያስፈጸምከው አንተ ነህ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ጡረታህን አሰብኩ፣ ያበጠ ፊትህን አሰብኩ። ላንተ ብዬ ልተወው ፈለግኩ፤ ከልቤ ፈለግኩ። ከዚያ «ላንተ ብዬ» ስል ራሴን ሰማሁት፣ ዘገነነኝም።

ስምህን ከነአባትህ ጽፌዋለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ፤ ለጊዜው ግን ፊትህን ማየት አልችልም።

እህትህ